ፕላኑ ከተነሣ በኋላ

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከጅማ ከተማና ከአካባቢዋ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም የትራፊክ አደጋ ምርመራን የሚመለከቱ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጠያቂዎቹን ስምና የተሽከርካሪዎቹን ሰሌዳ ቁጥርም አውጥተናል።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ባለንብረት ነኝ። ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናብ እየጣለ ባለበት ምሽት፣ አጂፕ አካባቢ ሾፌሬ ዕቃ ከጫነ አይሱዙ ጋር ተጋጨ። መንገድ ተዘጋ ተብሎ ሰዎች ባጃጇን ገፍተው ዳር አወጧት፤ አይሱዙውም ጥቂት ወደፊት ሄዶ ቆመ። ትራፊክ ፖሊሱ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በፕላኑ ላይ ሾፌሬ ቀኙን ለቆ እንደገባ ተደርጎ ተጻፈ፤ እሱ ግን የገባብኝ አይሱዙው ነው ይላል። ቃሉም በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ አስፈርመውታል፤ ልጁ ደግሞ ቋንቋውን ይሰማል እንጂ ማንበብ አይችልም። ሁሉም ሰው «ፕላን አንዴ ከተነሣ አለቀ» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት አይደለም። ፕላን ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፕላን የሚያነሣው ፖሊስ በቦታው ያየውንና የለካውን በወረቀት ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያም ተነሥቶ ስለ አደጋው መንስኤ የሙያ አስተያየቱን ይሰጣል። ምርመራው ተጣርቶ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ሲቀርብ ክስ ይመሥረት ወይስ አይመሥረት የሚለውን የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ሲሆን፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ፕላኑን ያነሣው ፖሊስ ራሱ ምስክር ሆኖ ሲቀርብ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል፤ በሜትር የለካው ነገር ጸንቶ ሲቆም፣ በግምት ያስገባው ነገር ሊወድቅ ይችላል። ይሁን እንጂ «አለቀ» የሚሉዎት ሰዎች ዝም ብለው አይደለም የሚናገሩት። መዝገቡ የሚቆመው በአብዛኛው በፕላኑ ላይ ስለሆነ፣ በጊዜው ተቃውሞ ያልቀረበበትን ፕላን ከወራት በኋላ ማናጋት በእጅጉ ይከብዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፕላኑን በጥሞና ያንብቡት። በአግባቡ የተነሣ ፕላን መነሻ የሚያደርገው ከቦታው የማይነቃነቅ ነገርን ነው፤ የመብራት ምሰሶ፣ የድልድይ ጠርዝ ወይም የሕንፃ ማዕዘን ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ምልክት ከዚያ ነጥብ በስንት ሜትር እንደሚርቅና ከአስፋልቱ ጠርዝ ስንት ሜትር ወደ ውስጥ እንደገባ ይጻፋል። የመንገዱ ስፋት፣ አስፋልቱ ደረቅ ወይም እርጥብ መሆኑ፣ የመንገድ መብራት መኖር አለመኖሩ፣ ተሽከርካሪዎቹ የቆሙበት ቦታና የተጎዳው ጎናቸው አብረው ይመዘገባሉ። በእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት ባጃጇም አይሱዙውም ከግጭቱ ቦታ የተነሡ መሆናቸው በፕላኑ ላይ ተጠቅሶ እንደሆነ ነው። ይህ ሳይጠቀስ የቆሙበት ቦታ ብቻ ከተለካ፣ «ቀኙን ለቋል» የሚለው ድምዳሜ የተመሠረተው ሰዎች ገፍተው ባቆሙበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው፤ ተቃውሞዎም በዚህ ነጥብ ላይ ይጠንክር።

ተሽከርካሪዎቹ ቢነሡም መንገዱ ላይ የሚቀር ነገር አለ። ሁለት መኪኖች ሲላተሙ ከጭቃ መከላከያቸው ሥር የተጋገረው ጭቃ ባንድ ጊዜ ይረግፋል፤ የሚረግፈውም ግጭቱ በደረሰበት ቦታ ላይ ወይም እዚያው አጠገብ ነው። በክረምት ጅማ ውስጥ ጭቃ ያልያዘ መኪና ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ዝናቡ አጥቦ እስካልወሰደው ድረስ ለእኛ ከተማ መርማሪ ከዚህ የተሻለ ምልክት ያለ አይመስለኝም። የመስታወትና የፋኖስ ስባሪ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ስባሪው መኪናው ይጓዝበት ወደነበረው አቅጣጫ እየተወረወረ ስለሚበተን፣ የተገኘበትን ቦታ በደፈናው የግጭቱ ቦታ አድርጎ መውሰድ ያሳስታል። ብረት አስፋልቱን ቦርቡሮ ያለፈበትን ጭረት ደግሞ ዝናብ አያጥበውም። ከአደጋው በኋላ ባለው ቀን እንኳ በብርሃን ሄዶ ማየት፣ ፎቶ ማንሣትና ፖሊስ እንዲለካው መጠየቅ ይቻላል።

የፍሬን ምልክትም በፕላኑ ላይ ካለ አስፋልቱ እርጥብ እንደነበር ተጽፎ እንደሆነ ያረጋግጡ። ጎማ ተቆልፎ እየተንሸራተተ መኪናው እስኪቆም የተወው ምልክት ርዝመቱ 20 ሜትር ቢሆን፣ በደረቅና ደህና አስፋልት ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 60 ኪሎ ሜትር እንደነበር ይገመታል። ያው 20 ሜትር በዝናብ በረጠበ አስፋልት ላይ ሲሆን ግምቱ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ሊወርድ ይችላል። ልዩነቱ የሚመጣው እርጥብ አስፋልት ጎማን የመያዝ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ነው። እንግዲህ «እርጥብ» የምትለው ቃል ከፕላኑ ላይ ስትቀር አንድ ሰው ባልነዳው ፍጥነት ሊጠየቅ ነው።

አደጋው የደረሰው ምሽት ላይ ስለሆነ የመብራትም ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አምፖሎቹ በክር የሚበሩ ዓይነት ከሆኑ የተሰበረውን አምፖል እንዳይጥሉት፤ ጋራዥም እንዳይቀይረው ይንገሩ። እየበራ ሳለ የተመታ አምፖል ክሩ ግሎ ስለሚለሰልስ ይለጠጣል፣ ይጣመማል፤ ብርጭቆው ከተሰበረም አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ጠፍቶ የነበረ አምፖል ክር ግን ቀዝቃዛና ተሰባሪ ስለሆነ ቢበጠስም ሳይለጠጥ ነው። «አብርቼ ነበር»፣ «አላበራህም» የሚለውን ንትርክ ይህች ክር ልትዘጋው ትችላለች።

ሾፌርዎ የፈረመበትን ቃል በተመለከተ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም እንዲነገረው ያዛል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ ክሱ በማይገባው ቋንቋ በሚካሄድበት ሁኔታ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ይደነግጋል። በእኛ ከተማ የምርመራ መዝገብ በአፋን ኦሮሞ መጻፉ ተገቢ ነው፤ ክልሉ የሚሠራበት ቋንቋ ነውና። ጥያቄው ቃሉ ከመፈረሙ በፊት ተነቦለት፣ ገብቶት፣ አርም ካለው አርሞ ነው ወይ የፈረመው የሚለው ነው። ካልሆነ ይህንኑ በጽሑፍ ማመልከትና ተጨማሪ ቃል ልስጥ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ማመልከቻውን ዛሬ ነገ ሳይሉ ለትራፊክ ክፍሉ ኃላፊ ያስገቡ፤ ግልባጩንም ለዐቃቤ ሕግ ያድርሱ። ሁለቱም አሽከርካሪዎችና ባጃጇን የገፉት ሰዎች ባሉበት ቦታው በድጋሚ እንዲታይ ይጠይቁ። የገፏት ሰዎች ከየት አንሥተው የት እንዳቆሟት ስለሚያውቁ በዚህ መዝገብ ውስጥ ከእነሱ የሚበልጥ ምስክር የለም፤ እስካሁን ቃላቸው አለመወሰዱ ነው የሚገርመኝ። በስልክ የተነሣ ፎቶ ካለ ዋናው ፋይል ከስልኩ እንዳይጠፋ ይጠንቀቁ፤ በቴሌግራም ሲላክ ምስሉ የተነሣበት ሰዓት ከውስጡ ሊጠፋ ይችላል።

የንብረት ጉዳቱ የወንጀሉን ጉዳይ ተከትሎ የግድ አይሄድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2084 ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ ይገምታል፤ በዚህም መሠረት የእያንዳንዱ ባለንብረት የጠቅላላውን ጉዳት ግማሽ ይችላል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በዋነኛነት በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። የባጃጅ ጥገናና የአይሱዙ ጥገና ዋጋቸው ስለሚለያይ፣ «ግማሽ ግማሽ» የሚለው ስምምነት ለእርስዎ ያዋጣ እንደሆነ ሳያሰሉ አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጥር ውስጥ ማታ በአጋሮ መንገድ ዳር በእግሩ ሲሄድ መኪና ገጭቶት አመለጠ። ሆስፒታል ብናደርሰውም በሦስተኛው ቀን አረፈ። ሁለት ልጆች ትቷል። ፖሊስ ጋ ስንሄድ «መኪናው አልተገኘም» ከማለት በቀር የሚነገረን የለም። ካሳ የምንጠይቀው ማንን ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ፈጣሪ መጽናናቱን ይስጣችሁ።

ገጪው ባይታወቅም የሚጠየቅ አካል አለ። ስለ ተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን የወጣው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህ መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ከመከልከሉም በላይ፣ ገጭቶ ባመለጠና ማንነቱ ባልታወቀ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዱና ለሞቱ ሰዎች ካሳ የሚከፈልበትን የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ፈንዱን ዛሬ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። አዋጁ የድንገተኛ ሕክምናንም ስለሚመለከት ማንኛውም የጤና ተቋም የመኪና አደጋ ተጎጂን ተቀብሎ የድንገተኛ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ወጪውም በሕጉ በተወሰነው ጣሪያ ድረስ ከመድን ሰጪው ወይም ከፈንዱ ይሸፈናል። ለእነዚያ ሦስት ቀናት ሕክምና ከኪሳችሁ ያወጣችሁት ገንዘብ ካለ ደረሰኙን አትጣሉ።

የካሳ ጥያቄው የሚጀምረው ከፖሊስ በሚገኝ ማስረጃ ነው። አደጋው መድረሱን፣ የደረሰበትን ቀንና ቦታ እንዲሁም ተሽከርካሪው ያልታወቀ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቁ። «አልተገኘም» የሚለው ቃል በአፍ ሲነገራችሁ በር የሚዘጋ ይምሰል እንጂ፣ በደብዳቤ ሲሰጣችሁ ፈንዱ ዘንድ የምትቀርቡበት ሰነድ ነው። የሕክምናና የሞት ማስረጃ፣ የልጆቹም ወራሽነትና ሞግዚትነት ከፍርድ ቤት የተረጋገጠበት ሰነድ ያስፈልጋችኋል። ጊዜውንም ተጠንቀቁ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቅበት ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት በመርሕ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ሲሆን ረጅሙ ጊዜ ይሠራል ቢባልም፣ በዚህ ተማምኖ መዘግየት አያዋጣም።

ፍለጋውም ቢሆን ባንድ ሳምንት ተሞክሮ የሚተው ነገር አይደለም። ሰው የገጨ መኪና ከፊቱ የሆነ ነገር ሳይሰበርበት ማለፉ ብርቅ ነው። የፋኖስ ሽፋን ስባሪ ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ቁጥር ይገኛል፤ ከዚያ ተነሥቶ የመኪናውን ዓይነትና ሞዴል መለየት ይቻላል። በልብስ ላይ የቀረ የቀለም ቅንጣት፣ ጉዳቱ በሟች ሰውነት ላይ ከመሬት በምን ያህል ከፍታ እንደጀመረ የሚገልጽ የሐኪም መዝገብ መኪናው ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ የሚለውን ይለያሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር ሥራ ነው፦ በአጋሮና በጅማ ያሉ ጋራዦችና ላሜራ ቤቶች በዚያ ሳምንት የፊት ፋኖስ የቀየረላቸውን ደንበኛ መጠየቅ፣ በኬላ ያለፉ የጭነት መኪኖችን መዝገብ ማየት፣ በመንገዱ ዳር ካሉ ሱቆችና ማደያዎች የካሜራ ምስል መውሰድ። የካሜራ ምስል አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተቀዳ ስለሚጠፋ ያ ዕድል አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ሌሎቹ ግን አሁንም አሉ። የወንድምሽ ልብስ በእጃችሁ ካለ ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልላችሁ ለመርማሪው አስረክቡና የተረከበበትን ወረቀት ያዙ። ስባሪው ተነሥቶ በኤግዚቢትነት ተመዝግቦ እንደሆነም በጽሑፍ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የአይሱዙ ሾፌር ነኝ። ቡና ጭኜ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ሰኮሩን አልፌ ወደ ጊቤ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለኝና አንድ መንገደኛ ገጨሁ፤ ሕይወቱ አለፈ። ሽማግሌዎች ገብተው፣ ጉማ (የደም ካሳ) ተከፍሎ ከቤተሰቡ ጋር ታርቀናል፤ «ክስ የለንም» ብለው ፈርመውልኛል። ዐቃቤ ሕግ ግን ከሰሰኝ። እርቁ ምን ሊጠቅመኝ ነው?

መልስ፦ እርቁ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ያለውን ቂም ዘግቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በእኛ አካባቢ ጉማ ሳይከፈል ወደዚያ መንገድ ተመልሶ መሄድ እንኳ እንደሚከብድ እርስዎ ያውቁታል። የወንጀሉን መዝገብ ግን አይዘጋም። በቸልተኝነት ሰው መግደል የሟች ቤተሰብ ሲፈልግ የሚከስበት፣ ሲፈልግ የሚተወው ጉዳይ ሳይሆን መንግሥት የሚከስበት ወንጀል ነው። እርቁ የሚጠቅምዎ ቅጣቱ ሲወሰን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 82 ተከሳሽ መጸጸቱን በተግባር ማሳየቱን፣ ተጎጂን መርዳቱን፣ ራሱን ለሕግ መስጠቱንና ጉዳቱን በተቻለው መጠን መካሱን ቅጣት ከሚያቀሉ ምክንያቶች ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ የሽማግሌዎቹ ቃል በጽሑፍ ለፍርድ ቤት ይቅረብ፤ የተከፈለውም መጠን ይገለጽበት፤ ኋላ በፍትሐ ብሔር ካሳ ከተጠየቁ የሚታሰብልዎ ያን ጊዜ ነውና።

ዋናው ክርክርዎ ግን ከእርቁ ይልቅ ፍሬኑ ላይ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ደረጃ አለው። ሾፌርን የመሰለ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል በንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም ጥፋተኛው ግልጽ ደንብ ወይም መመሪያ እያወቀ ከጣሰ፣ ወይም አልኮልና አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ከሆነ ደግሞ ንዑስ አንቀጽ 3 ወደ 5 ዓመት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ያሻግረዋል። አንድ ሰው በሞተበትና መጠጥ በሌለበት በእርስዎ መዝገብ ከ2 ወደ 3 ሊያሻግር የሚችለው «እያወቀ ደንብ ጣሰ» የሚለው ነው፤ ከልክ በላይ ጭነት፣ የቦሎ ጊዜ ማለፍ፣ ወይም ፍሬኑ መድከሙን አውቆ መነሣት። ክሱ የተመሠረተው በየትኛው ንዑስ አንቀጽ እንደሆነ ወረቀቱን አውጥተው ይመልከቱ።

«ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለውን ቃል መርማሪዎች ከማንኛውም ቃል በላይ ይሰሙታል፤ ስለዚህም አያምኑትም። የሚያምኑት የቴክኒክ ምርመራውን ነው። በግጭቱ የተቀደደ የፍሬን ጎማ ቱቦ ስንጥቁ አዲስ ነው፤ ቆይቶ ያረጀ ግን ጠርዙ ጠቁሮ፣ ዘይት አንጠባጥቦ ዙሪያውን አቧራ ይዞ ይገኛል። ያለቀ የፍሬን ሸራ ባንድ ቀን አያልቅም። አስቸጋሪው ሦስተኛው ዓይነት ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳያቋርጡ ሲይዙት ከበሮውና ሸራው ይግላሉ፤ ሸራው ሲግል መንከሱን ያቆማል፤ ፔዳሉን ቢረግጡትም መኪናው አይሰማም። በማግስቱ መርማሪው ሲፈትሸው ፍሬኑ ቀዝቅዞ ደህና ይይዛል፤ ሪፖርቱም «ፍሬኑ ጤነኛ ነው» ይላል። ሾፌሩ ውሸታም ይባላል፤ ውሸት ግን አልተናገረም። ከበሮው ተፈትቶ ቢታይ በሙቀት የሰማየ ብረት፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ሸራ ይገኝበት ነበር። መኪናው አሁንም በፖሊስ እጅ ከሆነና ካልተነካ ከበሮዎቹ ተፈትተው እንዲታዩ ያመልክቱ።

ይህን የምጽፈው ነጻ ያወጣዎታል ብዬ አይደለም። የጊቤን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ፣ በሞተር ኃይል ይዞ መውረድ የሾፌር ግዴታ ስለሆነ፣ ፍሬኑ በመጋል ከደከመ ቸልተኝነቱ ይቀራል ማለት አይቻልም። ግን ቁልቁለትን አላግባብ መውረድና የተበላሸ ፍሬን እያወቁ መነሣት በሕጉ ፊት አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱም ዓመታት ያህላል። ፍሬኑ መድከሙን ለባለንብረቱ ነግረው «ዝም ብለህ ሂድ» ተብለው ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ለመርማሪው ይናገሩ፤ የጥገና ደረሰኝም ይፈለግ። ባለንብረቱን ለመሸፋፈን ሲሉ ዝም ማለት በዚህ ሥራ የተለመደ ነው፤ የሚታሰረው ግን ዝም ያለው ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሞተር ሳይክል የገጨው ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ስናይ ጓደኞቼ «ከነካኸው ገጪው አንተ ትባላለህ» ብለው ጎተቱኝ። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ጓደኞችህ ያሉት ነገር በየሰፈሩ ይባላል፤ ሕጉ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 በራሱ ላይም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ በጽኑ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆነ ብሎ ያለ እርዳታ ትቶ የሚሄድን ሰው ይቀጣል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ሆኖ ጥሎ የሄደ ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። እርዳታ ማለት የግድ ተሸክሞ መሮጥ አይደለም፤ ፖሊስና አምቡላንስ መጥራት፣ ደም የሚፈስበትን ቦታ በጨርቅ ጫን ብሎ መያዝ፣ ከኋላ የሚመጡ መኪኖችን ማስቆምም እርዳታ ነው። አንገቱን ወይም ጀርባውን የተጎዳ የሚመስል ሰው እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላሰጋው በስተቀር ባለሙያ እስኪመጣ ባይነቃነቅ ይሻላል።

ፖሊስ ስምህን ጽፎ ቃልህን የሚወስደው ምስክር ስለሆንክ ነው። ፍርሃታችሁን ለመቀነስ ከፈለጋችሁ አንዱ ተጎጂውን ሲረዳ ሌላው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ቦታውን በሰፊው በስልኩ ይቅረጽ፤ ሰሌዳውም ይታይ። ተሽከርካሪ መነሣት ግድ ከሆነ ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ጎማ ያረፈበት ነጥብ በጠመኔ ወይም በድንጋይ ምልክት ይደረግበት። የመጀመሪያው ጠያቂያችን ባጃጅ ስትገፋ አንድ ሰው ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፉልንም ነበር።

ጥያቄ፦ የእኅቴ ልጅ ሳልፈቅድለት መኪናዬን አውጥቶ የሰው አጥር አፈረሰ፤ እግረኛም አቆሰለ። እኔ ቤት ተኝቼ ነበር። በምን እጠየቃለሁ?

መልስ፦ በወንጀል የሚጠየቀው የነዳው ልጅ ነው። በካሳ ግን እርስዎም ይጠየቃሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለንብረት መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጥፋት የለብኝም ብሎ መከራከርም አያድነውም። ከኃላፊነት የሚያወጣው መኪናው በዚያ ሰዓት ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው፤ ቁልፉን ከመሳቢያ ወስዶ የሄደን የእኅት ልጅ ሌባ ነው ብለው ለፖሊስ ለማመልከት መወሰን የእርስዎ ፋንታ ነው። ልጁን በኋላ መልሰው መጠየቅ ይችላሉ። ለአሁኑ የሦስተኛ ወገን መድንዎ የጸና መሆኑን አረጋግጠው አደጋውን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ሊብሬውንና የልጁን መንጃ ፈቃድ ኮፒም አብረው ያያይዙ፤ መንጃ ፈቃድ ከሌለው ይህንኑ ሳይደብቁ ይግለጹ።